አዲጋላ ላይ አሥራ ስምንት ሰከንድ

ሱቄ ከዚራ ነው፣ ከለገሃሩ ፊት ለፊት፣
ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪ፣ የጉርድ ፎቶ ማተሚያ ቤት።
በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ፣ ድሬ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ገቡ አንድ ሽማግሌ፣ ፍላሽ ባንገታቸው ያሰሩ መንገደኛ።
ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ስማቸውን ሰምቼ ሳቅሁኝ፣
«ሐዲዱን ነው ወይስ እጅዎን?» ብዬ በድፍረት ጠየቅሁኝ።

«የሽማንደፈር ሰው ነኝ» አሉ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት በሐዲድ።
ሠላሳ አንድ ስላይድ ሠራሁ፣ ለየዓመቱ አንድ አንድ።
የልጅ ልጄ ናት ያስተማረችኝ። አንቺ ባቡሯን አስኪጂልኝ፣
በስልክ የምትታይ አርገሽ ለጓደኞቼ ላኪልኝ።
ግማሹ ጅቡቲ ቀረ፣ ግማሹ መልካ ጀብዱ፣
ፓወርፖይንት የሚባል ነገር አይከፍትም ስልካቸው፣ ከነጉዱ።
ደግሞ በነጻ በሚሠራ ይሁን። ጡረታዬን አታውቂ።»

ፍላሹን ሰካሁት።
ካርታ ነው። ሺኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ።
ባቡሯ አራት ሳጥንና ስምንት ክብ ናት፣ ቀለሟ የድስት በርበሬ፤
ጠቅ ሲሉ ትንፏቀቃለች፣ ጠቅ ሲሉ ትቆማለች፣
እሳቸው ቤት ነው ይኼ ሁሉ፤ እኔ ጋ ተገትራ ቀርታለች።

ነጻ ነገር ፍለጋ ገባሁ።
የመጀመሪያው «በነጻ» ይላል፤ ዐሥረኛው ስላይድ ላይ ሲደርስ
እጁን ዘረጋ፣ ቪዛ ካርድ ካላሳየሁት ላይጨርስ።
ሁለተኛው ጨረሰው፤ ግን ስሙን በግራጫ ጽፎ፣
ከአይሻ እስከ ደወሌ፣ በረሃውን አግድም አልፎ።
ሦስተኛው ፊደል አያውቅም፤ «ሺኒሌ» ሦስት ባዶ ሳጥን፣
«አዲጋላ» አራት ሳጥን።
ጋሽ ዘርጋው መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉና
«የዕቃ ፉርጎ ነው እንዴ?» አሉኝ።

መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ።
የሌሊት ጥቅል ገዛሁ፤ «በነጻ» የሚሉት ነገር
ሌሊቴን በላው፣ እስከ ስምንት ሰዓት፣ በትንኝና በወበቅ መሃል።
በመጨረሻ አንዱ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ መልኩ የማያምር፣
አንድ የማላውቀው ሰው፣ የማያውቀኝ፣ ሠርቶ ሜዳ ላይ የተወው፣
ስላይዱን ዋጥ አደረገና ገጽ አድርጎ መለሰው፤
ፊደሉ ፊደል ሆኖ፣ ባቡሯ በራሷ ስትሄድ፣
ያለ ጠቅታ፣ ያለ ነጂ።
ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጠዋት አሳየኋቸው።
ድሬዳዋ፣ ሁለት ሰከንድ። ሺኒሌ፣ ሁለት ሰከንድ። አዲጋላ፣ ሁለት...
«አቁሚ!» አሉ። «አዲጋላ እንዲህ አይታለፍም፣ ልጄ።
ሐዲዱ አንድ ነው። ከወዲያ የሚመጣው ሳያልፍ
የሚንቀሳቀስ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው።
አሥራ ስምንት ደቂቃ እንቆማለን።»
«ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?»
እንደ አሸዋ ገበያ ተከራከርን፤ ደቂቃውን በሰከንድ መነዘርነው።
«ተበላሽቷል ይላሉ» አልኩ።
«ይበሉ» አሉ። «እኛንም ሲሉን ነበር።»

ቁጥሩን ሞልቼ ሳበቃ ነገሩ ከነከነኝ፤
ከወዲያ የሚመጣው የታል? ሠላሳ አንዱንም ስላይድ
ወደ ፊት ወደ ኋላ አገላበጥኩ። የለም።
«ሮብሌ ነዋ የሚነዳው» አሉኝ፣
መልሱ ይኸው እንደሆነ ሁሉ።

ገጹ ከተላከ ሳምንት ሆነው። ሱቄ ውስጥም ይዞራል፣
ኮፒ የሚጠብቅ ሁሉ ያየዋል።
ትናንት አንድ የባጃጅ ልጅ፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያስለብጥ የመጣ፣
«እቱ፣ ኮምፒውተርሽ ቀጥ ብሏል» አለኝ፣ አዲጋላ ላይ ጣቱን ቀስሮ።
ጋሽ ዘርጋው ከጥግ፣ ከፕላስቲኩ ወንበር፣ እጃቸውን አነሱ።
ልጁ ዝም አለ። እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ።
ቬንትሌተሩ ይንቋቋል።
አሥራ አምስት።
አሥራ ስድስት።
ልጁ፣ ምን እንደታየው እንጃ፣
ከስክሪኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።